የማንኳኳት ዋጋ

ቤሪል ሃስላም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው በር ስታንኳኳ ኖራለች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ እንጀራዋ እሱ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ዝናብም ይሁን አመዳይ፣ ጥቁር ቦርሳዋን አንጠልጥላ የእንግሊዟን ትንሽ ከተማ የሃርዝደንን ዳገትና ቁልቁለት እየወጣች እየወረደች የቀብር መድን መዋጮ ትሰበስባለች፤ ድሃ ሲሞት በሥርዓት እንዲቀበር በየሳምንቱ የሚያስቀምጣትን ጥቂት ፔንስ።

ማንኳኳት ማለቴ እንኳ ለወጉ ነው። በዚያ ጎዳና በር ቀን ላይ ተቆልፎ አያውቅም። ሁለቴ ቆርቆር ታደርጋለች፣ ከጓዳ «ግቢ፣ ክፍት ነው!» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ትገባለች። ደብተሩ ከምድጃው በላይ ካለው ሰዓት ጀርባ ነው፤ ገንዘቡም እላዩ ላይ። ቆጥራ፣ ፈርማ፣ ደብተሩን መልሳ ትወጣለች። የቤቱ እመቤት ጓሮ ልብስ እያሰጣች ከሆነ ሳይተያዩ ሳምንት ያልፋል። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ፔንስ ጎደለብኝ ያላት ሰው የለም። ባዶ ቤት ሲገጥማት «ለሚቀጥለው» ብላ ታልፋለች፣ ሲብስም ከራሷ ኪስ ትሞላለች። ባሏ ክሊፎርድ ታዲያ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰብሳቢ ነሽ ወይስ ከፋይ?» እያለ ይስቅባት ነበር።

ክሊፎርድ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ በማቅለሚያ ክፍል ሠርቷል፤ ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም ይዞ ነው የተቀበረው። ነፍሱ ግን ያለችው ሌላ ቦታ ነበር። በከተማው የማርሽ ባንድ አርባ አራት ዓመት ትልቁን ጥሩምባ ነፍቷል፤ ያንን ሆዱ ሰፊ፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው የሚነፉትን፣ ብር ቅቡን። ሊሞት ሲል «ጥሩምባውን ለባንዱ ስጪልኝ» አላት። «እሺ» አለችው። ሦስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ እየወለወለች ሳሎን አስቀመጠችው። ማንም ደፍሮ አልጠየቃትም፤ ምን በወጣው ይጠይቃል?

ነገሩ የጀመረው ማዘጋጃ ቤቱ የገንዘብ መቀበያ መስኮቱን የዘጋ ጊዜ ነው። ቤሪል የቤት ግብሯን ዕድሜዋን በሙሉ ዓርብ ዓርብ በመስኮቱ በኩል በእጇ ስትከፍል ኖራለች፤ ሃያ ሦስት ፓውንድ ትሰጣለች፣ ደረሰኝ ትቀበላለች፣ ከተቀባይዋ ጋር ስለ አየሩ ሁለት ቃል ተነጋግራ ትወጣለች። አንድ ዓርብ ብትሄድ መስኮቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ከእንግዲህ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ክፈሉ ይላል። ቆሽቷ አረረ። ቤቷ ገብታ ደብዳቤ ጻፈች፦ «ገንዘቡ አለ። ሰው የሚባል ፍጡር ሲቀበለኝ እከፍላለሁ። ቤሪል ሃስላም።»

መልስ የለም። እሷም በየሳምንቱ ሃያ ሦስት ፓውንድ በብስኩት ጣሳ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረች፤ ቀኑን በወረቀት ጽፋ በላስቲክ እያሰረች። ማስጠንቀቂያ መጣ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ፣ «መስኮቱን ክፈቱ» ብላ ጀርባው ላይ ጽፋ መለሰችው። ሃያ ስድስት ዓርብ አለፈ። በጣሳው ውስጥ አምስት መቶ ዘጠና ስምንት ፓውንድ፣ አንዲት ሳንቲም ሳትነካ ቁጭ ብሏል። ማዘጋጃ ቤቱም አንድ ሰው ወደ መስኮት ከማውረድ ይልቅ ፋይሏን ዕዳ ለሚሰበስቡ አስፈጻሚዎች ሰጠ። ጉድ እኮ ነው!

ማክሰኞ ጠዋት ጓዳ ሆና በሊጥ ተሸፍኖ ለሚጋገር ፓይ የሚሆን ድንች ስትልጥ በሩ ሁለቴ ተንኳኳ።

«ግቡ፣ ክፍት ነው!» አለች፣ ዞር ሳትል።

ሌላ አገር ያለ ሰው «ማነው?» ይላል። ሃርዝደን ውስጥ ግን «ማነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ጎረቤትን መጠርጠር ይመስላል። የገባው ጎረቤት አልነበረም። አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ወፍራም ሰው፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ፣ ደረቱ ላይ ትንሽ ካሜራ፣ ብብቱ ሥር ማኅደር።

«ሚስስ ሃስላም? ካርል ጋርሳይድ እባላለሁ። የፍርድ አስፈጻሚ ነኝ። በቤት ግብር ዕዳ ጉዳይ ነው የመጣሁት።»

«እግርህን ጥረግ።»

ጠረገ።

«ማን ግባ አለህ?»

«እርስዎ ነዎት ያሉኝ። ካሜራው ላይ አለ» አለ፤ ትንሽ እንኳ ያፈረ መሰለ። «በር ሰብሬ መግባት አልችልም ነበር። ግባ ካሉኝ ግን ገባሁ። አንዴ ከገባሁ ደግሞ ሕጉ ለሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ነው፤ ቢቆልፉብኝም በግድ አስከፍቼ መግባት እችላለሁ።»

ቤሪል ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሰባ አንድ ዓመት ሰው ስታስገባበት የኖረችው ቃል ዛሬ ሌባ እንዳስገባባት ተሰማት።

«ስንት ነው የምትለው?»

«ዘጠኝ መቶ ስምንት ፓውንድ።»

«አምስት መቶ ዘጠና ስምንት ነው።»

«እሱ ዕዳው ነው። ሰባ አምስት ፋይሉ ወደ እኛ ሲመጣ ይጨመራል። ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ደግሞ እኔ እዚህ ስመጣ።»

«መጥተህ ምን ሠራህ?»

«እንዴት ምን ሠራሁ?»

«ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ፓውንድ የሚያወጣ ምን ሥራ ሠራህልኝ? መስኮት ወለወልክ? ጭስ መውጫ ጠረግህ?»

«አንኳኳሁ፣ ሚስስ ሃስላም።»

«ስንቴ?»

ሰውየው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «ሁለቴ።»

«አንዱ መቶ አሥራ ሰባት ፓውንድ ተኩል ማለት ነው! እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳንኳኳ ኖሬ፣ በዚህ ሒሳብ ንግሥቲቱን ራሷን ቤተ መንግሥቷን አስለቅቄ እገባ ነበር!» ጣሳውን ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረገችው። «ግብሩ ይኸው። ቁጠረው። ያንተን ግን፣ አፍንጫህን ላስ።»

«ለእኔ ከሰጡኝ ከላዩ የእኛ ክፍያ ይነሳል፤ የቀረው ነው ለማዘጋጃ ቤቱ የሚደርሰው። ያኔ ደግሞ ዕዳው አልተዘጋም ማለት ነው።»

«ከማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ላይ ልትበላ?» አለችና ክዳኑን ገጠመችው። «ይሄ የነሱ ነው። ያንተ የሚባል ነገር እዚህ ቤት የለም።»

ጋርሳይድ ተነፈሰና ወደ ሳሎን አልፎ ዕቃ መመዝገብ ጀመረ። ቴሌቪዥኑ አሮጌ፣ ሶፋው አሮጌ፣ ሰዓቱ የማይሠራ። ከዚያ ዓይኑ ጥግ ላይ አረፈ።

«ይሄ ጥሩምባ የማነው?»

«የክሊፎርድ።»

«ሚስተር ሃስላም የት ናቸው?»

ቤሪል ድንቹን አነሳች። «ወጣ ብሏል» አለች።

 ጋርሳይድ ጥሩምባውን አገላብጦ አየ፣ ከሁለት ሺህ ፓውንድ አያንስም ብሎ ጻፈ። እስከ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ዘጠኝ መቶ ስምንቱ ሙሉ ካልተከፈለ መኪና ይዞ ይመጣል፤ እስከዚያ ዕቃው ከቤት ላይወጣ ትፈርማለች፤ ካልፈረመች ዛሬውኑ ይጭነዋል። ፈረመች። 

ሊወጣ ሲል «ቆይ» አለችው። «ጋርሳይድ... የላይኛው ሰፈር የአዳ ጋርሳይድ የልጅ ልጅ ነህ?»

«አያቴ ናት።»

«አፍንጫህን ሳይ ነው ያወቅኩህ። አያትህ የታመመች ዓመት ሦስት ሳምንት መዋጮ አጥታ ከኪሴ ሞልቼላታለሁ። አራት መኪና አጅቧት፣ በአበባ፣ በክብር ተቀበረች። ለማንኳኳቴ ስንት ያስከፈልኳት ይመስልሃል?»

ካርል ጋርሳይድ እስከ ጆሮው ቀላ። ካሜራው አሁንም ይቀርጽ ነበር። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ወዲያው ሻሂዳ በጓሮ በር ገባች። ሻሂዳ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት፤ አባቷ ከፓኪስታን መጥቶ ከክሊፎርድ ጋር አንድ ማቅለሚያ ክፍል ሠርቷል፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ ከሁላችንም በላይ የሃርዝደን አነጋገር ትናገራለች። ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስታ አነበበችና ጭንቅላቷን ያዘች።

«አክስቴ ቤሪል! ለአስፈጻሚ ግባ ትያለሽ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ግቡ እላለሁ እንጂ ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ?»

«ቆይ፣ መላ አለው። እዚህ ጋ ተመልከቺ። ባለዕዳው አቅመ ደካማ ከሆነ፣ ምክር የሚያገኝበት ጊዜ ካልተሰጠው ሁለት መቶ ሠላሳ አምስቱ ይቀራል ይላል። አንቺ ሰባ አንድ ዓመትሽ ነው፣ ብቻሽን ነሽ፣ ጉልበትሽ—»

«ጉልበቴን ምን ሆነ?»

«ታነክሻለሽ።»

«በአንድ እግሬ ካንቺ እቀድማለሁ። አቅመ ደካማ ነኝ ብዬ ልፈርም? ሞቼ ነው ቆሜ!»

«ቃል ብቻ ነው እኮ፣ አክስቴ። አንዲት ምልክት ማድረግ ነው፤ ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ፓውንድ!»

«ሁለት ሚሊዮን ይሁን።»

ሻሂዳ ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻም ሳቀች። ቤሪል ወይ ፍንክች። «ታዲያ ጥሩምባውን ሲጭነው ቁጭ ብለሽ ልታዪ ነው?» አለቻት ሻሂዳ። ያኔ ነው ቤሪል ወደ ሳሎን ዞር ብላ ያየችው። ጥሩምባው ጥግ ላይ ያበራል። ለባንዱ ሰጥታው ቢሆን ኖሮ፣ ክሊፎርድ እንዳላት ብታደርግ ኖሮ፣ የባንዱ ነው፤ ማንም ጣቱን አያነሳበትም። ሳትሰጥ የቀረችው እሷ ናት። ይሄን ስታሰላስል አደረች።

ረቡዕ ጥሩምባውን ስትወለውል ዋለች። ሐሙስ ጠዋት ጣሳዋን በከረጢት፣ የፓይ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልላ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። መስኮቱ የነበረበት ቦታ አበባ ተቀምጦበታል፤ ፕላስቲክ አበባ። ዘበኛው ወደ ኮምፒውተሩ አመለከታት።

«ከሱ ጋር ጉዳይ የለኝም። ሰው ጥራልኝ።»

«ቀጠሮ አለዎት?»

«ከጥቅምት ጀምሮ ቀጠሮ ላይ ነኝ።»

መሐል አዳራሽ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። ፓይዋን በላች። ግብር ሊጠይቅ ለሚመጣው ሁሉ «ሰው እስኪወርድ ተቀመጥ፣ የኔ ልጅ» እያለች አጠገቧ አስቀመጠች። አምስት ሰዎች ተሰልፈው ሲቀመጡ ዘበኛው ደንግጦ ወደ ላይ ደወለ። ሎሬይን የምትባል የግብር ክፍል ሠራተኛ፣ መነጽሯ ፀጉሯ ላይ፣ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ወረደች።

«እግዜር ይስጥሽ» አለች ቤሪል። «ሰው ማለት ይሄ ነው። ቁጠሪልኝ።»

ሎሬይን ወረቀቶቹን፣ በላስቲክ የታሰሩትን ሃያ ስድስት ጥቅሎች አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «ሚስስ ሃስላም፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ገንዘቡ ቤትዎ ነበር?»

«ሌላ የት ይሁን? መስኮቱን የዘጋችሁት እናንተ።»

«ዕዳውን ልቀበልዎት እችላለሁ። የአስፈጻሚዎቹ ሦስት መቶ አሥር ግን ከእጄ ወጥቷል። ፋይሉ እነሱ ጋ እስካለ ድረስ ይጠይቁዎታል።» ስክሪኑን ወደ ታች አወረደች። «አካውንቱ የሚስተር ክሊፎርድና የሚስስ ቤሪል ሃስላም ነው። ሁለታችሁም እዚያው ቤት ናችሁ?»

ቤሪል ጣሳውን አየች።

ክሊፎርድ የሞተ ጊዜ የሞት መዝገብ ሹሟ «ለየመሥሪያ ቤቱ ሁሉ እኛ እናሳውቅልዎት?» ብላት ነበር። «እጄ አልተቆረጠም» ብላ እምቢ አለች። ለጡረታው ጻፈች፣ ለባንኩ ጻፈች፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ሳይቀር ጻፈች። ስሙ ከየደብዳቤው በየተራ ወጣ። የቀረው የቤት ግብሩ ብቻ ነበር። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ሂሳቡ ሲመጣ ፖስታው ላይ ሁለት ስም አለ፤ ሚስተርና ሚስስ። እንዳለ ከሰዓቱ ጀርባ ታስቀምጠዋለች። ለሱ ሌላ የሚጽፍለት አልነበረም።

«ሚስስ ሃስላም?» አለች ሎሬይን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የምጠይቅዎት እንዲያው ለማወቅ አይደለም። አንድ ሰው ብቻ የሚኖርበት ቤት ሩቡን አይከፍልም። ብቻዎን ሆነው ለሁለት ሰው እየከፈሉ ከነበረ... ወደ ኋላ ተመልሼ ላስተካክለው እችላለሁ።»

«ሩቡን?»

«በሳምንት አምስት ፓውንድ ከሰባ አምስት።»

ቤሪል በልቧ ደመረች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ደምራለች። ሦስት ዓመት። ስምንት መቶ ዘጠና ሰባት ፓውንድ። ለአስፈጻሚው አንድ ፔንስ አልሰጥም ብላ አገር ያስቸገረች ሴት፣ ለአንድ ስም በሳምንት አምስት ከሰባ አምስት ስትከፍል ኖራለች።

ይሄን ጊዜ አለቀሰች ብላችሁ ከጠበቃችሁ ቤሪልን አታውቋትም። ተናደደች። በማዘጋጃ ቤቱም፣ በጋርሳይድም፣ በክሊፎርድም ጭምር፤ «ምነው ትንሽ ብትቆይ!» ብላ በሆዷ ተቆጣችው። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«ቅጹን አምጪው።»

«እኔ ልሞላልዎት እችላለሁ።»

«እጄ አልተቆረጠም አልኩ።»

ብቻዬን ነው የምኖረው የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ከመቼ ጀምሮ? ቀኑን ጻፈች። በትልልቁ፣ ሰዓቱን ሳይቀር ጻፈችው፤ ማንም ሳይጠይቃት። ሎሬይን ቁልፎቹን ተጫነች፣ ጠበቀች፣ ፊቷ ፈካ።

«ጣሳዎን ይዘው ይመለሱ፤ ዕዳ የለብዎትም። እንዲያውም ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ፓውንድ እኛ ነን ያለብን። ዕዳ ከሌለ አስፈጻሚ የሚያስፈጽመው የለም። ፋይሉን ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ፤ ሦስት መቶ አሥሩም ይሰረዛል።»

«ዕዳ ካለባችሁማ» አለች ቤሪል እየተነሳች፣ «ነገ መጥቼ አንኳኳለሁ። ዋጋዬን ታውቂዋለሽ።»

ሎሬይን ሳቋ አመለጣት። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት አምስቱ አጨበጨቡ። ዘበኛው ዞር ብሎ የፕላስቲኩን አበባ አየ።

ዓርብ ጠዋት ሻሂዳ ከእንቅልፏ ሳትነቃ በፊት ቤሪል ለብሳ ጨርሳለች፤ ሰማያዊ ካፖርቷን፣ ለክሊፎርድ ቀብር ከለበሰችው ወዲህ ያላወጣችውን። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ሻሂዳ ሮጣ መጣች።

«አክስቴ፣ መኪናው ቆሟል! ወረቀቱ ደርሶት ይሁን አይሁን በምን እናውቃለን? በሩን ቆልፊው!»

«አልቆልፍም።»

በሩ ሁለቴ ተንኳኳ።

«ግባ፣ ክፍት ነው!» አለች ቤሪል፤ ጎዳናው ሁሉ እስኪሰማት።

ጋርሳይድ ገባ። እግሩን ጠረገ። ካሜራው ደረቱ ላይ የለም። «ትናንት ማታ ደወሉልኝ» አለ። «ጉዳዩ ተዘግቷል። ወረቀቱን በፖስታ መላክ ይቻል ነበር፤ ግን... በአካል ልንገርዎት ብዬ ነው።» የፈረመችበትን ወረቀት አውጥቶ እፊቷ ቀደደው።

«ለመቅደዱስ ክፍያ አለው?»

«የለውም።»

«ጎበዝ። በል ያዝ» አለችና ወደ ጥሩምባው ጠቆመችው።

«ሚስስ ሃስላም፣ ተዘግቷል እኮ፤ አልወስደውም።»

«ልትሸከመው አይደል የመጣኸው? ጉልበቴ ዳገቱን ከነጥሩምባው አልችልም ይላል። ከዚህ ቤት የሚወጣው እኔ ስሰጠው ነው፤ ዛሬ ደግሞ እየሰጠሁት ነው። ቀስ ብለህ ያዝ፣ አትደፍጥጠው!»

ሻሂዳ ስለ ጉልበቱ አንድ ቃል ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ቤሪል በዓይኗ ዘጋችው።

እንዲህ ነው እንግዲህ አስፈጻሚው የቤሪል ሃስላምን ጥሩምባ ከቤቷ ያወጣው። እሷ ከፊት፣ እሱ ያንን ሆደ ሰፊ ዕቃ ታቅፎ እያለከለከ ከኋላ፣ ሻሂዳ በነጠላ ጫማዋ ከሁለቱም ኋላ። ደጃፍ ላይ የቆመው ሰው «ካርል፣ አንድ ማርሽ ጣል አድርግልን እንጂ!» እያለ ይጮህበታል። «ዝም በሉት፣ በነጻ ነው የሚሠራው!» ትላለች ቤሪል፣ ሳትዞር።

የባንዱ አዳራሽ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። የባንዱ መሪ ሚስተር ኦግደን ለጰራቅሊጦስ በዓል ሰልፍ ልምምድ ወንበር ሲደረድር ነበር። ጥሩምባውን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ቤሪል ከጋርሳይድ እጅ ተቀብላ ራሷ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሚስተር ኦግደን ትልቁን የዕቃ መዝገብ አወጣና ብዕሩን ፈተሸ።

«በማን ስም ልጻፈው፣ ቤሪል?»

«ክሊፎርድ ሃስላም።»

ጻፈው። አጎንብሳ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ስሙ እዚህ መዝገብ ላይ እስከ መቼ ይቆያል?»

«ባንዱ እስካለ።»

«በሳምንት ስንት ነው?»

ሚስተር ኦግደን ግራ ተጋብቶ ቀና አለ። «ምኑ?»

«ማቆያው።»

«ቤሪል፣ ምን ነካሽ? ምንም አይከፈልም።»

«ምንም» አለች ቤሪል። ጓንቷን አወለቀች፣ ቦርሳዋን ከፈተች፣ መሐረቧን ፈለገች፤ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሻሂዳ ክንዷን ልትይዝ ስትል ዛሬ እምቢ አላለቻትም። ጋርሳይድ ውጭ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ።

ከዚያ ዳገቱን ወርደው ወደ ቤት ተመለሱ፤ ጋርሳይድም ተከተላቸው። የፊት በሩ ሲወጡ እንደተውት ገርበብ ብሎ ቆይቷቸዋል፤ ቤሪል ማንቆርቆሪያውን ጣደች፣ ለሦስት ሰው።